ዱላ ሳይነሳ ክፍል እንዴት ይያዛል? የቆርኪው ዘዴ፣ ደረጃ በደረጃ

ያችው ጥያቄ ናት። «58 ልጅ ይዘህ ሳትጮህ፣ ሳትመታ እንዴት ነው የምታስተምረው?» ስታፍ ሻይ ስንጠጣ እጠየቃለሁ፣ በቴሌግራም እጠየቃለሁ፣ ባለፈው ደግሞ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት አዲስ መምህርት ጠይቃኝ ተራችን ደረሰ እንጂ ወሬው አላለቀም። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄንኑ እልካለሁ።

የማስተምረው እዚሁ መሀል ከተማ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ 4ኛ ክፍል ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ ይቀመጣል። መመሪያው እንዲህ ላለ ክፍል የተዘጋጀ ነው። 20 ልጅ ብቻ ያላችሁ ይቀልላችኋል። 7ኛና 8ኛ የምታስተምሩ ደግሞ ደረጃ 4 ላይ ለእናንተ የሚሆን አለ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ልጅ አንድ ነገር ሲያደርግ ወዲያው ደስ የሚለው ነገር ከተከተለ ያንን ነገር ይደግመዋል። ኮሌጅ ስንማር «አዎንታዊ ማጠናከሪያ» ብለን ለፈተና የሸመደድነው ይሄንኑ ነው። ልብ ያላልነው ግን ያ ደስ የሚለው ነገር የእኛው ጩኸትም ሊሆን እንደሚችል ነው። ቤት ውስጥ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው የሌለ ልጅ፣ መምህሩ ስሙን ጠርቶ ሲቆጣውና 57 ልጅ ዞሮ ሲስቅ፣ ለእሱ ቅጣት አይደለም። መድረክ ነው። ነገም ይደግመዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ቆርኪ፣ 200 ያህል። የለስላሳ ቆርኪ ከሰፈር ሱቅና ከካፌ በነጻ ይሰጧችኋል። የቢራውን ተዉት፣ ወላጅ ጋ ሌላ ወሬ ያመጣል። በሳሙና እጠቡት፣ ጠርዙ የተጣመመውንና ስለት ያወጣውን ጣሉት።
• አንድ ብልቃጥ የጥፍር ቀለም። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ትደርሱበታላችሁ።
• ባዶ ሃይላንድ፣ ባለ 2 ሊትሩ፣ አናቱ የተቆረጠ። የተቆረጠውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኑት።
• አንድ ፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ ማርከር፣ ፕላስተር።
• ጋውን ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ። ከሁሉም የሚያስፈልገው ይሄ ነው።

ለኬጂ ቆርኪ አይሆንም፣ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል። ለእነሱ ካርድ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትቀይሩ 3 ቀን ቁጠሩ

በጣም የሚያናድዳችሁን አንድ ባህሪ ምረጡ። በየቀኑ በዚያው ክፍለ ጊዜ፣ በተከሰተ ቁጥር ደብተራችሁ ላይ አንድ ጭረት አድርጉ። እኔ የቆጠርኩት ሳይፈቀድለት «ቲቸር! ቲቸር!» ብሎ የሚጮኸውን ነበር። በ40 ደቂቃ ውስጥ 41፣ 37፣ 44 ሆነ።

መቁጠር ለምን? ስሜታችን ስለሚያታልለን ነው። ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ደክሞኝ «ይሄ ነገር አይሠራም» ብዬ ልተወው ነበር። ደብተሬን ሳይ 19 ወርዷል። ጆሮዬ ግን አሁንም 40 ነው የሚሰማው። ያ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አታነቡትም ነበር።

ስትቆጥሩ ሌላም ነገር ጻፉ፦ ልጁ ሲረብሽ ወዲያው ምን ተከተለ? ኋላ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። ሒሳብ ሲጀመር ዴስኩን በእስክሪብቶ ይደልቃል። እኔም «ውጣ!» እላለሁ። ይወጣል። ሦስት ቀን ጽፌው ሳየው ነገሩ ገባኝ። የሚደልቀው በሒሳብ ብቻ ነው፣ ያውም ማካፈል ሲመጣ። ማካፈል አይችልም፣ «ውጣ» ሲባል ደግሞ ተገላገለ። የምቀጣው መስሎኝ ስሸልመው ከርሜያለሁ። ለእንዲህ ያለ ልጅ መቶ ቆርኪ ብትሰጡት ዋጋ የለውም፤ ከአሥሩ ጥያቄ ሦስቱን ብቻ ስጡትና አብራችሁት ሥሩ፣ ሦስቱን ሲጨርስ ነው የምታበረታቱት። ሰሌዳው የማይታየው፣ በደንብ የማይሰማው፣ ሌሊት ያልተኛ ልጅም አለ። መጀመሪያ እሱን አጣሩ።

ደረጃ 2፦ ሦስት ባህሪ ብቻ ምረጡ፣ በሚታይ ቃል ጻፉት

«ጨዋ ሁኑ»፣ «ሥርዓት ያዙ»፣ «አትረብሹ» አይሆንም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የክፍል አለቃው በጭረት ሊቆጥረው ይችላል? ጨዋነት አይቆጠርም። እጅ ማውጣት ይቆጠራል። እኔ ፍሊፕ ቻርቱ ላይ የጻፍኩት እነዚህን ነው፦

• እጄን አወጣለሁ፣ ስጠራ እናገራለሁ።
• ደወል ሲደወል ደብተሬን አውጥቼ እጠብቃለሁ።
• ጓደኛዬ ሲናገር ወደ እሱ ዞሬ እሰማለሁ።

«አት...» ብሎ የሚጀምር ሕግ ልጁ ምን ማቆም እንዳለበት እንጂ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። ከሦስት በላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ልጆቹ ሳይሆኑ እናንተ ትረሱታላችሁ፣ የረሳችሁትን ደግሞ ማበረታታት አትችሉም።

ደረጃ 3፦ ባህሪውን እንደ ማባዛት ሰንጠረዥ አስተምሩት

ግድግዳ ላይ መለጠፍ ማስተማር አይደለም። ሰኞ ጠዋት 10 ደቂቃ ውሰዱና አሠሩት። ትክክለኛውን ልጆቹ ይሥሩ፣ የተሳሳተውን እናንተ ሥሩ። እኔ ዴስክ ላይ ተቀምጬ «ቲቸር! ቲቸር! እኔ! እኔ!» እያልኩ ስንጠራራ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ «አሁን እናንተ አሳዩኝ» ስላቸው ሁሉም ያውቀዋል። የተሳሳተውን ለልጅ አታሠሩ። የሚሳቅለት እሱ ይሆንና እንደገና ሽልማት ሆነ ማለት ነው።

ከገናና ከጥምቀት በኋላ፣ ከሴሚስተር እረፍት በኋላ፣ አዲስ ልጅ ተዛውሮ ሲመጣ እንደገና 5 ደቂቃ አሠሩት። ይረሳል።

ደረጃ 4፦ ወዲያው፣ በስም፣ ያያችሁትን ተናገሩ

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ቆርኪው ቀልድ ነው ማለት ይቻላል፣ ዋናው አፋችሁ ነው።

እኛ መምህራን አንድ ቃል አለን፣ «ጎበዝ!»። መልስ ለመለሰ ጎበዝ፣ ሰሌዳ ላጠፋ ጎበዝ፣ ከዚያ «አጨብጭቡለት»፣ ጯ ጯ ጯ፣ አለቀ። ልጁ ምን ስላደረገ እንደተጨበጨበለት አያውቅም። ካላወቀ ደግሞ ምኑን ይድገመው? ጎበዝን አትጣሉት፣ ግን ጭራ ቀጥሉለት፦

«ጎበዝ» ብቻ ከምትሉ፣ «መልሱን እያወቅከው እጅህን አውጥተህ ጠበቅከኝ፣ ጎበዝ።»

«ዛሬ ደስ ስትሉ!» ከምትሉ፣ «ደወሉ ሳያበቃ የመስኮቱ ረድፍ ደብተሩን አውጥቷል።»

ሦስት ነገር ይኑረው፦ የልጁ ስም፣ ያደረገው ነገር፣ አጭርነት። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ከሆነ ስብከት ይሆናል። ልጅ ስብከት ሲጀመር ይታወቀዋል።

ወዲያው ማለት ደግሞ ወዲያው ነው፣ በሰከንዶች ውስጥ። ከ10 ደቂቃ በኋላ «ቅድም ጥሩ አድርገሃል» ብትሉት መሀል ላይ ምን ምን እንዳደረገ እግዜር ይወቅ። ምናልባት ምስጋናው የመጣው ጓደኛውን ቆንጥጦ እጁን ገና ሳይሰበስብ ነው።

ለአንድ እርማት ቢያንስ አራት ማበረታቻ ይሁን። ለራሳችሁ ቁጠሩት፣ ደንግጣችሁ ትቀራላችሁ። እኔ የተገላቢጦሽ ነበርኩ። የረዳኝ እንዲህ ማድረጌ ነው፦ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር 10 ቆርኪ በጋውኔ ቀኝ ኪስ እከታለሁ፣ ደወል ሳይደወል መጨረስ አለብኝ። ኪሴ ሲንቋቋ ትዝ ይለኛል።

አንዱ ሲረብሽ ደግሞ እሱን ትታችሁ አጠገቡ ያለውን አመስግኑ። «ደብተርሽን አውጥተሻል፣ አመሰግናለሁ» ስትሏት ሁለቱም ጎረቤቶቿ ያወጣሉ። ያ ረባሽም ባወጣ ሰከንድ ወደ እሱ ሂዱ። ቂም አትያዙ፣ «ቅድም የት ነበርክ» አያስፈልግም።

አንድ ክፉ ልማድ አለብን። ማመስገን ጀምረን መሀል ላይ እንወጋለን። «ዛሬስ ጥሩ ጽፈሃል፣ ምናለ ሁሌ እንዲህ ብትሆን።» ልጁ የሚሰማው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ላይ ነጥብ አድርጋችሁ ዝም በሉ።

7ኛና 8ኛ ለምታስተምሩ፦ በዚህ ዕድሜ በሕዝብ ፊት መመስገን ቅጣት የሚሆንበት ልጅ ብዙ ነው፣ እረፍት ላይ «የቲቸር ልጅ» እየተባለ ይጠበሳል። በሹክሹክታ ንገሩት፣ ወይ ደብተሩ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ጻፉለት። ማበረታቻ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በእናንተ ሐሳብ አይደለም፣ ባህሪው ሲጨምር ነው። ካልጨመረ ለእሱ ሽልማት አይደለም፣ ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 5፦ ቆርኪውን አስጀምሩ

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከሦስቱ አንዱን ሲያደርግ ታመሰግኑታላችሁ፣ ቆርኪም በእጁ ታስቀምጣላችሁ። የቀኑ መጨረሻ 5 ደቂቃ ላይ የ1 ለ 5 ቡድን መሪዎች ይሰበስባሉ። እያንዳንዱ ልጅ ስንት እንዳገኘ በቡድኑ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከዚያ ቆርኪው ሁሉ ሃይላንዱ ውስጥ ይገባል። ሃይላንዱ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። መስመሩ ላይ ሲደርስ ለክፍሉ በሙሉ አንድ ነገር ይደረጋል። ሃይላንዱን ባዶ አድርጋችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። ስለዚህ አንድ ልጅ ያገኘው ለራሱም ይቆጠራል፣ ለሁሉም ይቆጠራል። ይሄ ሁለተኛው ነው ጉልበቱ። ኋላ የሚቀመጠው ልጅ ቆርኪ ሲያገኝ ክፍሉ ይደሰትለታል እንጂ አይቀናበትም።

የመጀመሪያውን መስመር ዝቅ አድርጉት። በ2 ወይ በ3 ቀን የሚደረስበት ይሁን። ሽልማት የሚባል ነገር በእርግጥ እንደሚመጣ ካላዩ አያምኗችሁም፣ ልክም ናቸው። ሁለተኛው ከፍ ይላል።

በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ልጅ፣ አንድም ሳይቀር፣ ቢያንስ አንድ ያግኝ። ሁለት ቀን ባዶ እጁን የሄደ ልጅ «ይሄ ለጎበዞች ነው» ብሎ ይደመድማል፣ ከዚያ በኋላ እሱን መመለስ በጣም ከባድ ነው። የማይገኝለት ልጅ ካለ መለኪያውን ለእሱ አውርዱለት። 10 ደቂቃ መቀመጥ ካልቻለ 2 ደቂቃ ሲቀመጥ ስጡት።

አሁን የጥፍር ቀለሙ። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ቡድን ቆርኪ ድንገት ተመነደገ። 6 የነበረው 31 ሆነ። ደስ አለኝ! ከዚያ ሳገላብጠው ውስጡ የቢራ ቆርኪ አለበት። ልጆቹ ከሰፈር ግሮሰሪ ደጅ ለቅመው እያመጡ ነው። ብሔራዊ ባንክም እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚሰማው ገባኝ። አልተቆጣሁም፣ ለሃሳባቸው ግን ልቤ አድንቋቸዋል። ያን ቀን ማታ ሁሉንም ቆርኪ በውስጥ በኩል ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግኩበት፣ ጠዋት «ነጥብ የሌለው አይቆጠርም» አልኩ፣ አለቀ። እናንተ ከመጀመሪያው ቀቡት።

የክፍል አለቃውንም ሥራ ቀይሩ። እኛም ስንማር ነበር፣ አሁንም አለ። መምህሩ ሲወጣ አለቃው «የሚረብሹ» ብሎ ስም ይጽፋል። ከዚያ ድርድሩ ይጀመራል፣ «ስሜን አጥፋልኝ፣ ብስኩት እሰጥሃለሁ»። በእኔ ክፍል አለቃዋ የምትጽፈው ሲረዱ፣ ሲጠብቁ፣ ሲያነቡ ያየቻቸውን ነው። ስመለስ ከዝርዝሩ 3 ስም አንብቤ ቆርኪ እሰጣለሁ። ልጆቹ አሁንም ሊያባብሏት ይሞክራሉ፣ ግን ቢያንስ የሚሽቀዳደሙት ለመጻፍ ነው። በየሳምንቱ አለቃ ቀይሩ፣ አንድ ልጅ ላይ ሥልጣን አይብዛ።

ደረጃ 6፦ ሽልማቱን ከልጆቹ ጠይቁ

እኔ ስቲከር ይወዳሉ ብዬ ነበር። ማንም አልፈለገውም። ወረቀት አድዬ «በትምህርት ቤት ምን ብታደርጉ ደስ ይላችኋል?» ብዬ ሳጽፋቸው የመጣው ሁሉ ገንዘብ የማያስወጣ ነው። ከሰበሰብኩት የቆየልኝ ይሄ ነው፦

• 5 ቆርኪ፦ ሰሌዳ ማጥፋት (አዎ፣ ይሄን ለማግኘት ይጣላሉ)
• 5 ቆርኪ፦ የስም መጥሪያውን ቢሮ ማድረስ
• 10 ቆርኪ፦ ለአንድ ቀን ከፈለገው ጓደኛ ጋር መቀመጥ
• 15 ቆርኪ፦ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቡድን መምረጥ
• 20 ቆርኪ፦ እኔ ለቤቱ ስልክ መደወል
• ሃይላንዱ ሲሞላ፦ ለሁሉም 15 ደቂቃ እንቆቅልሽ፣ ወይ ሜዳ መውጣት

የተጠራቀመው በቡድኑ ወረቀት ላይ ይቀነሳል። ዓርብ መጨረሻ ክፍለ ጊዜ «ገበያ» አለን፣ በሌላ ቀን አይሸጥም። አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ ሲነግዱ ይውላሉ።

እንቆቅልሹን ሞክሩት። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ብሎ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲመልስ ጎረቤት ያለው መምህር ግድግዳ ይደበድባል፣ አስቀድማችሁ ንገሩት። ያቃተው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር ሲሰጥ ጂኦግራፊም ታስተምራላችሁ።

ስለ ስልኩ። አንድ ሐሙስ ለአንዱ ልጅ እናት ደወልኩ። ገና መምህሩ ነኝ ከማለቴ «ምን ሰበረ?» አሉኝ። ምንም አልሰበረም፣ ዛሬ ያልገባትን ጓደኛውን ቁጭ ብሎ አስረዳት፣ ይሄን ልንገርዎት ብዬ ነው አልኳቸው። ዝም አሉ። ካርዴ ያለቀ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ ቀስ ብለው «ሌላ ነገር የለም?» አሉ። የለም አልኳቸው። በማግስቱ ልጁ ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ፀጉሩ ተቀብቶ፣ ከሰልፍ በፊት ደርሶ አገኘሁት። «ወላጅ ይዘህ ና» ብቻ የለመደ ቤት ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ስልክ ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ ስላየሁት ነው 20 ቆርኪ ያስከፈልኩት። ጥሪው ላይ ግን ሌላ ጉዳይ አትቀላቅሉ፣ መዋጮም ቢሆን።

ከረሜላና ብስኩት ለምን የለም? ለ58 ልጅ ከኪሳችሁ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ልጅ ወተት ያለበትን ብስኩት አይበላም፣ በረመዳን የሚጾመውም እንዲሁ ዓይኑ እያየ ይቀራል። የተሸለመው ልጅ የተቀጣ ይመስላል።

ደረጃ 7፦ ጥቃቅኑን እለፉት

ማጉተምተም፣ እስክሪብቶ መደለቅ፣ ትኩረት ለመሳብ ብቻ የሚደረግ ነገር ሁሉ ሲሆን አትዩት፣ ዝም ሲል ወዲያው እዩት። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ አይሠራም። ማለፍ ብቻውን ልጁን ይጥለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ መምህር ይሰናከላል። ትኩረት የለመደ ልጅ ትኩረቱን ስትከለክሉት መጀመሪያ ይብስበታል። በእስክሪብቶ ይደልቅ የነበረው በእጁ ይደልቃል። «ቆይ፣ ድሮ ይሠራ ነበር እኮ» እያለ ነው። ጥቂት ቀን ቻሉት። በሦስተኛው ቀን አቅቷችሁ ከጮሃችሁበት ግን ያስተማራችሁት «ድምፅህን ከጨመርክ ይሰጥሃል» ነው፣ ከመነሻው የባሰ ቦታ ትደርሳላችሁ።

መምታት፣ መሳደብ፣ ደካማን ማስጨነቅ፣ ከግቢ መውጣት አይታለፍም። ቶሎ፣ በረጋ ድምፅ፣ በአጭር ቃል አስቁሙት። ተመልካች በሌለበት ደግሞ ተነጋገሩ።

ደረጃ 8፦ ቀስ በቀስ አሳንሱ

ቆርኪ ዓመቱን ሙሉ አይሰጥም። ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ባያችሁት ቁጥር ስጡ። ከዚያ በሁለት ሦስት ጊዜው አንዴ። ከዚያ መቼ እንደሆነ በማይታወቅ ሰዓት። ፒያሳ ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው መቼ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ነው መቁረጡን የማይተወው። በየጊዜው የሚሰጠው ነገር ሲቆም ልጅ ወዲያው ያውቀዋል፣ አንዳንዴ የሚመጣውን ግን ይጠብቀዋል። ቃል ምስጋናውን አትቀንሱ፣ የሚቀነሰው ቆርኪው ነው።

ቁጥራችሁ እንደገና ከጨመረ ፈጥናችኋል ማለት ነው፣ አንድ እርምጃ ተመለሱ።

በራሳቸው ፍላጎት ለሚያደርጉት ነገር ግን ከመጀመሪያውም ቆርኪ አትስጡ። በ1973 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን «ከሳላችሁ ሽልማት አለ» ብለው አሳሏቸው። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ማንም ሳይጠይቃቸው ሲታዩ፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ለመሳል ያላቸው ፍላጎት ካልተነገራቸው ልጆች ቀንሶ ተገኘ። እረፍት ላይ መጽሐፍ ይዛ ጥግ የምትቀመጠውን ልጅ «ላነበብሽው 2 ቆርኪ» አትበሏት። ምን እንዳነበበች ጠይቋት፣ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ

የሰጣችሁትን ቆርኪ አትቀሙ። ጠዋት አንድ ጥሩ ነገር አድርጓል፣ ከሰዓት ማጥፋቱ የጠዋቱን አያፈርሰውም። የተቀማ ልጅ የሚያጣው ነገር እንደሌለው ሲገባው ክፍሉን ይበጠብጠዋል።

ምግብና እረፍት መደራደሪያ አይደሉም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ የልጁ ነው፣ «ዝም ካላላችሁ መጨረሻ ነው የምትበሉት» አይባልም።

ኩርኩም፣ ማስመሪያ፣ ማንበርከክ ከዚህ ጋር አብሮ አይሄድም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከሕጉም ሌላ፣ የፈራችሁ ልጅ ቆርኪ ስትሰጡት እጃችሁን እያየ ይሸማቀቃል፣ አይሰማችሁም።

የቡድኖቹን ድምር መለጠፍ ይቻላል። የእያንዳንዱን ልጅ ቁጥር ግን ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። ዜሮ ያለው ልጅ ስም ዓመቱን ሙሉ ይጠራበታል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

1. ጉቦ። ልጁ እየጮኸ «ዝም ካልክ ቆርኪ እሰጥሃለሁ» ማለት ማበረታቻ አይደለም። የሚማረው መጀመሪያ መጮህ እንዳለበት ነው። ቆርኪ የሚመጣው ከባህሪው በኋላ ነው፣ ያለ ድርድር።

2. ለውጤት መስጠት። 10 ከ10 ላመጣ ቆርኪ ከሰጣችሁ የሚያገኙት ሁሌም እነዚያው አምስት ልጆች ናቸው። ለጥረቱ፣ ለመጠበቁ፣ ለመጀመሩ ስጡ።

3. ቃል አለመጠበቅ። ሃይላንዱ ሞልቶ ያን ቀን ስብሰባ ተጠራንና የሜዳው ሰዓት ቀረ። «ሰኞ» አልኩ፣ ሰኞ ደግሞ ረሳሁት። ቁጥሬ በአንድ ሳምንት ወደ 30 ተመለሰ። ስብሰባ ካለ ሽልማቱን በዚያው ቀን በ5 ደቂቃ እንቆቅልሽ ለውጡት፣ ግን አታሳድሩት።

4. ብቻ መሮጥ። በክፍላችሁ የሚገቡትን ሌሎች መምህራን በሻይ ሰዓት ያዟቸውና ሦስቱን ሕግ ንገሯቸው። ቆርኪ ባይሰጡም በእነዚያው ቃላት ካመሰገኑ ይበቃል። አንዳንዱ «ልጅ ሲያሞግሱት ይጠግባል» ይላችኋል። አትከራከሩት፣ ደብተራችሁን አሳዩት።

5. ጸጥ ያሉትን መርሳት። ይሄ የእኔ ነው። ረባሾቹን ላይ አተኩሬ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስም ዝርዝሬን ሳገላብጥ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ 9 ቀን ሙሉ ከእኔ አንድ ቃል አላገኘችም። ሦስቱንም ሕግ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታደርጋለች፣ ለዚያ ነው ያላየኋት። በማግስቱ ጠዋት ደወል ሳይደወል ዴስኳ ጋ ሄጄ «ደብተርሽ በየቀኑ ከሁሉም ቀድሞ ይወጣል፣ አይቼዋለሁ» አልኳት። ቆርኪውን ተቀብላ ሰዓቱ እስኪያልቅ በእጇ ጨብጣ ነው የጻፈችው። ዓርብ ዓርብ ስም ዝርዝሩን አውጡና አጠገቡ ምንም ጭረት የሌለው ማን እንደሆነ እዩ፣ ሰኞ የመጀመሪያው ቆርኪ የእሱ ነው።